ያልተቀመጥኩት ለቅሶ

ነገሩ የተጀመረው መርዶ ልናረዳ በሄድንበት ቀን ነው። የአንዲት ጓደኛችን እናት አገር ቤት አርፈው ነበር። እዚህ አሜሪካ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ገና ሳይነጋ ተሰብስቦ ይሄዳል። ዘጠኝ ሆነን ኮሪደሩ ላይ ቆምን። አንዱ በሩን አንኳኳ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። በሩ የሰው ነው፣ መርዶውም የሰው ነው። ሰውነቴ ግን የኔ በር የተንኳኳ መሰለው።

ከዚያ አለቀስኩ። ከባለ ሐዘኗ በላይ አለቀስኩ። «ስንቱን አብረው አሳልፈው ይሆን» አለ ሰው። ሟቿን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቼ ሲኒ ሳጥብ አንዲት እትዬ ከኋላዬ መጡ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ናቸው። ያጠብኩትን ሲኒ እየተቀበሉ በፎጣ ማድረቅ ጀመሩ። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ልጄ፣ ያንቺ ለቅሶ የማን ነው?» አሉኝ።

ልጆቼ ወደ ቤት ከተመለሱ ያኔ ሁለት ዓመት አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እዚያው፣ ቧንቧው እየፈሰሰ ነገርኳቸው።

ለእናንተም ልንገራችሁ። የምጽፈው ልጆቻቸው በሲፒኤስ፣ በአሜሪካ የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለተወሰዱባቸው፣ ተወስደው ለተመለሱላቸው፣ ፋይሉ ቢዘጋም ነገሩ ውስጣቸው አልዘጋ ላላቸው ወላጆች ነው። የምኖርበትን ግዛት አልጠራም። መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። የልጆቼን ስምም አትጠብቁ።

እኔ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ እኔ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እገባለሁ። መሃል ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ አለች። ያቺን ሰዓት ታች ያለች ጎረቤታችን ትሸፍንልን ነበር። እሷ ሌላ ከተማ ስትሄድ «ልጆቹ እንደሆነ ተኝተዋል» አልን። ወንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሴቷ አራት። ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን የምትተካኝ ልጅ ዘገየች። ትንሿ ነቃች። እኔን ፍለጋ አንድ እግር ጫማ አድርጋ፣ በታኅሣሥ ብርድ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወረደች። ያያት ሰው 911 ደወለ። እኔ ስደርስ የፖሊስ መኪናው መብራት ግድግዳው ላይ ይሽከረከራል።

ጥፋት የለብኝም አልልም። አለብኝ። ይህቺን «አለብኝ» ለማለት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ታሪኩን ስናገር ጎረቤቷን እወቅሳለሁ፣ ባሌን እወቅሳለሁ፣ የዘገየችውን ልጅ እወቅሳለሁ። እንዲህ ሳወራ ሰው ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ እኔ ግን ቀለል አይለኝም። የኔን ድርሻ በራሴ አፍ ካወጣሁት በኋላ ነው የቀረውን ሳልንተባተብ መናገር የቻልኩት። የቀረው ደግሞ ብዙ ነው። ለአንድ ሰዓት ከሩብ ሰባት ወር ከፍለናል።

«ልብሳቸውን አዘጋጂ» አለችኝ መርማሪዋ። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ ማውረድ አቃተኝ። እሷ ከወጥ ቤቱ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይዛ መጣች። የልጆቼ ልብስ በቆሻሻ ፌስታል ከቤት ወጣ። አሁንም ጥቁሩን አልገዛም፣ ነጩን ነው የምገዛው። ባለቤቴ ይቀደዳል እያለ ያማርራል፤ ምክንያቱን ያወቀው አምና ነው።

አስተርጓሚው በስልክ ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «ምነው ሞቼ ባረፍኩት» እላለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህን ያላለ ማን አለ? እናቴ ወጥ ሲያርርባት ትለው ነበር። አስተርጓሚው ቃል በቃል አሻገረው። በኋላ ወረቀቱ ላይ ሳየው «እናት መሞት እንደምትፈልግ ተናግራለች» ሆኗል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት የአእምሮ ምርመራ ታዘዘብኝ። ቀጠሮው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እየጻፈ ካልሆነ ማየት አልቻልኩም።

ጉዳያችሁ አሁን ክፍት ከሆነ ይህን ያዙልኝ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ቋንቋችሁን የሚችል አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ይህ የመጣው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ችሮታ አይደለም። ስልኩ ካልተሰማ «አልሰማሁም» በሉ። አስተርጓሚው ካልገባው ቀይሩልኝ በሉ። ሌላም አለ። ከ2008 ጀምሮ ልጅ ከቤት ሲወሰድ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶችን ፈልገው እንዲያሳውቁ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ስለዚህ እህት፣ አክስት፣ አጎት ያላችሁ ስማቸውን በመጀመሪያው ቀን አስመዝግቡ። እኔ ዳላስ እህት አለችኝ። ስሟን አልጠራሁም። አፈርኩ። ልጆቼ ከማላውቃቸው ሰዎች ቤት ያደሩት እህቴ እንዳትሰማብኝ ስል ነው።

እፍረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን እናውቃለን። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕድሩ ይመጣል፣ እዝን ይመጣል። የመጣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ «እንዴት ሆነ?» ይላል። ባለ ሐዘኑ ይናገራል። ሌላ ሰው ይገባል፣ «እንዴት ሆነ?» ይላል፣ ባለ ሐዘኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይናገራል። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ይገርመኝ ነበር። ለምን ያደክሟቸዋል? አባቴ ሲሞት እናቴ የመጨረሻዋን ሌሊት በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተርካዋለች። መጀመሪያ ቀን መሃል ላይ እያቋረጠች ትወድቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን እስከ መጨረሻው ደረሰች። ማንም ሳይኮሎጂስት አላዘዘላትም፤ ለቅሶ ቤቱ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው።

ልጆቼ ሲወሰዱ ፍራሽ አልተነጠፈም። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሰዎች ሰምተዋል፤ ወሬ መቼም እግር አለው። ግን የመጣ የለም። ለክፋት አይመስለኝም፤ ምን ብለው ይምጡ? «ነፍስ ይማር» አይባል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ማለትም ገመናሽን ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል። አንዷ ብቻ ስልክ ደውላ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለች። ማወቋ ከድምፅዋ ይሰማል። እኔም «ደህና ናቸው» አልኳት። አውቃ ጠየቀችኝ፣ አውቄ ዋሸኋት፣ ስለ ቅቤ ዋጋ አውርተን ተለያየን።

በዚያ ሰባት ወር «እንዴት ሆነ?» ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ወረቀት የያዙ ናቸው። መርማሪዋ፣ ጉዳያችንን የያዘችው ኬዝ ወርከር፣ የልጆቹ ጠበቃ፣ መርማሪ ሐኪሙ። የምናገረው ሁሉ ይጻፋል። የሚጻፈው እኔ ያልኩት አይመስልም። ሰው በዚህ ዓይነት ሲጠየቅ ከርሞ ጥያቄ ራሱ ያስፈራዋል። ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ የትምህርት ቤት አስተማሪ «ቅዳሜ ምን አደረጋችሁ?» ስትለኝ ላብ ያሰምጠኝ ነበር። ዕቃ አድራሹ በር ሲያንኳኳ መብራት አጥፍቼ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። ሌሊት የልጆቹ በር ላይ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። ፋይሉ «ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ መጥቷል፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ነኝ።

እና እትዬ ጓዳ ውስጥ ምን አደረጉ? ምንም። ሲኒ አደረቁ። እኔ ዝም ስል «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። «ለበጎ ነው» አላሉም፣ «ተመስገን በይ፣ ተመልሰውልሻል» አላሉም። ይህችን «ተመስገን በይ» በጣም ነው የምፈራት። አመሰግናለሁ፣ በየቀኑ አመሰግናለሁ። ግን ገና አፌን ስከፍት «ተመስገን በይ» ከተባልኩ፣ ወሬውን ዝጊው እንደተባልኩ ነው የሚሰማኝ። ስጨርስ እትዬ ፎጣውን አጥፈው «እኔ ብሰማ ኖሮ እመጣ ነበር» አሉኝ። ይኸው ነው። ያን ሌሊት ወለሉ ላይ አልተኛሁም። በሚቀጥለው ሌሊት ተኛሁ፣ አልዋሽም። ግን አንድ ሌሊት አልጋዬ ላይ አደርኩ።

ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ነርሲንግ ሆም አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት የነገረችኝ። በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የሚባል ሳይኮሎጂስት ከባልደረባው ጋር ሆኖ ተማሪዎችን በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀን እንዲጽፉ አደረገ። ነገሩን ከነስሜታቸው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ቤት የሄዱት ካልጻፉት ያነሰ ጊዜ ነው። በጻፉበት ሰዓት ግን እንደከፋቸው አብሮ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል፤ ለሁሉ ሰው እኩል አይሠራም፣ ጥቅሙም ተአምር አይደለም። እኔ ላይ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቀን በእንግሊዝኛ ጻፍኩና የፋይሉን ቋንቋ ስጽፍ አገኘሁት። «ሱፐርቪዥን»፣ «ኮምፕላያንስ»። ቀደድኩት። በሁለተኛው ቀን በአማርኛ ስጀምር የመጀመሪያዋ ቃል «ውይ» ነበረች። ሦስተኛው ቀን ክፉ ነበር። ፌስታሏ ጋ ስደርስ እጄ እንደዚያ ቀን ተንቀጠቀጠ። ደብተሩን ዘግቼ ለአንድ ወር አልነካሁትም። ከሥራ በፊት ሌሊት አትጻፉ፤ ማግስቱ ዕረፍት የሆነበትን ቀን ምረጡ፣ የሚደወልለትም ሰው ይኑር። ሐሳቡ ወደ ራስን መጉዳት ከሄደ ደብተሩን ተዉትና እዚህ አሜሪካ ለዚህ የተዘጋጀውን የስልክ መስመር፣ 988ን፣ ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ።

ፋይሌንም ጠይቄ አወጣሁ። 214 ገጽ ነው፤ የሌሎች ሰዎች ስም በጥቁር ተሰርዟል። በዚያ ሁሉ ገጽ እኔ ስም የለኝም፣ «እናት» ነኝ። «እናት ዓይን ለዓይን አታይም» ይላል አንዱ ጋ። ባለሥልጣን ፊት ማቀርቀር ጨዋነት ነው ብለው ነው ያሳደጉኝ። ሌላ ቦታ ስለ ጉብኝቱ ጽፈዋል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ነበር የሚፈቀድልኝ። ፍርፍር ይዤ ሄጄ ለወንዱ ልጄ ጉርሻ ሰጠሁት። ያቺን ጉርሻ ስጠቀልል አንድ ሳምንት ያስቀመጥኩትን ሁሉ አብሬ ነው የጠቀለልኩት። ወረቀቱ «እናት ምግብ በእጇ ልጁ አፍ ውስጥ ትከታለች፤ ልጁ በዕድሜው ራሱን መመገብ ይችላል» ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ሳህን ሰበርኩ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ የጉርሻዋን ቀን በራሴ አማርኛ ጻፍኳት። ልጄ እንዴት እንደጎረሰ፣ ጉንጩ እንዴት እንዳበጠ፣ «ድገሚኝ» እንዳለኝ። ፋይሉ ውስጥ «ድገሚኝ» የምትል ቃል የለችም። ፋይሉን ለማንበብ ካሰባችሁ ብቻችሁን አታንብቡት።

እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አይደለሁም። በ2017 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ሲፒኤስ ቤታቸውን የሚመረምረው ልጆች ከ100ው 37 ያህል እንደሆኑ ገምቷል፤ ከጥቁር ልጆች ደግሞ ከግማሽ በላይ። አብዛኞቹ ከቤት አይወሰዱም፣ ግን በሩ ይንኳኳል። ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ እሁድ ቅዳሴ ላይ የሴቶቹን ረድፍ አይቼ ስንቶቻችን ነን አልኩ። ኒውዮርክ ውስጥ ራይዝ የሚባል ድርጅት ከ2005 ጀምሮ በዚህ መንገድ ያለፉ ወላጆች ታሪካቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ ሲያግዝ ቆይቷል። እኛ ድርጅት የለንም። ጀበና ግን አለን።

አራት ሆንን። እትዬ ናቸው ያገናኙን፤ ሁለቱን እሳቸው ያውቋቸው ኖሯል። በወር አንድ እሁድ፣ በየተራ ቤት። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ምክር አትሰጥም፣ ከተጠየቀች በቀር። ይህ ለሐበሻ ሴት ከጾም ይከብዳል። መጀመሪያ ሰሞን አፋችንን በፈንዲሻ ሞልተን ነው የቻልነው። የልጆች ምስጢር አይነገርም፤ እኔ የኔን መንቀጥቀጥ እናገራለሁ፣ ልጄ በፎስተር ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ ባስቀመጠው ሰዎች ቤት፣ ሌሊት ምን እንደሆነ ግን የሱ ነው። አቦል ላይ ማንም ከባድ ነገር አያነሳም። ቶና ላይ አንዷ ትጀምራለች። በረካ ላይ የሆነ የሚያስቅ ነገር እናወራለን፣ ካልሆነ ሰው ወደ ቤቱ መንዳት አይችልም።

አንዷ ልጆቿ አልተመለሱም። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር ካሳለፈ፣ አንዳንድ ልዩ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ ያቀርባል። እሷ ቤት ፍለጋ፣ ክላስ ፍለጋ፣ አስተርጓሚ ጥበቃ እያለች 15ቱ ወር አለቀባት። የመጀመሪያ ቀን እሷ ስትናገር ልጆቼ ጎን ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ጌም እየተጫወቱ ይጮኻሉ። ያፈርኩት ማፈር! ተነስቼ ዝም ላሰኛቸው ስል እጄን ያዘችኝ። «ተያቸው፣ ድምፅ ይኑር» አለችኝ። አሁንም ስትመጣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። ትመጣለች፣ ትናገራለች፣ ሲኒ ታጥባለች፣ ትሄዳለች። ባለፈው የትልቁን ልደት በራሷ ቤት ዳቦ ደፍታ እንዳከበረችው ነገረችን። በቀጣዩ ወር ከዳቦው አመጣችልን፤ አዲስ ጋግራ ማለቴ ነው።

ጉዳያችሁ ገና ፍርድ ቤት ከሆነ አንድ ነገር። ለጠበቃችሁ የምትነግሩት ሕግ የሚጠብቀው ምስጢር ነው። ለጓደኛ፣ ለቡና ማኅበር፣ ለፌስቡክ የምትነግሩት ግን አይደለም፤ ፍርድ ቤት ላይ ሊነሳባችሁ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ የመደበላችሁ ቴራፒስት ደግሞ ሪፖርት ሊያደርግ ይችላልና ገና ስትገቡ «እዚህ የምናገረው ለፍርድ ቤት ይሄዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስኪዘጋ ድረስ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ስለ ደብተሩም ጠበቃውን አማክሩ። መናገሩ አያመልጥም።

ለባለቤቴ የነገርኩት አምና ነው። አብሮኝ የኖረውን ታሪክ ነገርኩት። የሱ ሌላ ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ሆኖ በስልክ ነው የሰማው፣ ስለ ፌስታሉ አያውቅም ነበር። እሱ አይናገርም። ነጩን ፌስታል ግን አሁን ራሱ ይገዛል።

ወንዱ ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገባ። ፈንዲሻውን እየበላ «እማዬ፣ ስለኔም ታወሪያለሽ?» አለኝ። «ስለ ራሴ ነው የማወራው፣ ያንተን አልናገርም» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ «በሩን የከፈትኩት እኮ እኔ ነኝ። ለማንም አትክፈት ብለሽኝ ነበር» አለኝ።

አራት ዓመት ይዞት ኖሯል። ያን ቀን ጠዋት ፖሊሱ ሲያንኳኳ በመክፈቱ ሁሉም ነገር የመጣ መስሎት። «የኔ ልጅ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ልል አፌ ላይ ደረሰ። እትዬ ትዝ አሉኝ። ሲኒ አነሳሁና ማድረቅ ጀመርኩ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩት።

የፖሊሱ ቦት ጫማ እርጥብ እንደነበር ነገረኝ። ምንጣፉ እንዳይበላሽ «ጫማህን አውልቅ» ሊለው ፈልጎ እንደፈራ። የእህቱን ሁለተኛ እግር ጫማ ሶፋ ሥር አግኝቶ ፌስታሉ ውስጥ የከተተው እሱ እንደሆነ። እኔ እስከዛሬ የጠፋች ይመስለኝ ነበር። ይህን ስሰማ ላቅፈው እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ» አለኝ፣ «ገና አልጨረስኩም።»